ቅዳሜ ማታ ከናሽቪል

ሰኞ ጠዋት ነው እንበል፤ ቦታው የቴነሲ ገጠር፣ ዘመኑ ደግሞ 1930ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ የመድን ወኪል የገበሬ በር ያንኳኳል። ቦርሳው ውስጥ የሕይወትና የአደጋ መድን ውል፣ የየሳምንቱን አረቦን የሚመዘግብበት ደብተርም ይዟል። ገበሬው በር ለበር የሚዞር ሻጭ አይወድም። ደግሞም ስለ ሞትና ስለ አደጋ ለማውራት የመጣን ሰው ማን በደስታ ይቀበላል? ወኪሉ ግን መድን የሚባለውን ነገር ከማንሳቱ በፊት፣ ቅዳሜ ማታ ያንን የሬዲዮ ዝግጅት ከሚያቀርበው ኩባንያ መምጣቱን ይናገራል። አንዳንዴም ናሽቪል ሄደው ዝግጅቱን በዓይናቸው የሚያዩበትን ትኬት ከኪሱ ያወጣል። በሩ ይከፈታል፤ ወንበርም ይቀርባል።

የአሜሪካን የካንትሪ ሙዚቃ የሬዲዮ ዝግጅቶች ታሪክ ማውራት የምፈልገው ከዚህ በር ጀምሬ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረን የዘፋኞቹ ታሪክ ነው፤ ጊታር፣ ባርኔጣ፣ ድህነት፣ ከዚያ ዝና። ዝግጅቱን ያቆመው፣ ያሳደገውና ለአሥርተ ዓመታት ያቆየው ግን ዕቃ ለመሸጥ የነበረው ፍላጎት ነው። ይህን የምለው ለማራከስ አይደለም። ሻጩ ገበያ ፍለጋ የከፈተውን በር ገበሬው የራሱ ቤት አደረገው፤ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝም ይኸው ነው።

የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ስም የመጣው ከገጠር ልማድ ነው። ባርን የሚሉት ድርቆሽና እህል የሚከማችበት፣ ከብትም የሚያድርበት ትልቅ የእንጨት ቤት ነው። እንደኛ ደቦ ጎረቤት ተጠራርቶ ሥራው ሲያልቅ፣ ወይም አዝመራው ሲገባ፣ ወለሉ ይጠረግና አንድ ቫዮሊን መቺ፣ ከተገኘም አንድ ባንጆ ይቀመጣሉ፤ ሰውም እስኪነጋ ይጨፍራል። ይህ ባርን ዳንስ ይባላል። በዚያ አገር የገጠር ቫዮሊን ቦታው ማሲንቆ እኛ ዘንድ ያለውን ያህል ነው፤ ድግስ ያለ እሱ አይደምቅም፣ የሚማሩትም ኖታ በማንበብ ሳይሆን ከአባት ወይም ከአጎት ጎን ተቀምጦ በመስማት ነው።

በጥር 4 ቀን 1923 ፎርት ወርዝ፣ ቴክሳስ ያለው ደብሊው ቢ ኤ ፒ የተባለ ጣቢያ ካፒቴን ቦነር የሚባሉ ሽማግሌ ቫዮሊን መቺ አቅርቦ ይህን ጭፈራ ወደ አየር ላከው። ካፒቴኑ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘማች ነበሩ፤ ያጀባቸው ደግሞ የሃዋይ ሙዚቃ የሚጫወት ቡድን ነው። ጥምረቱ እንግዳ ይመስላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሬዲዮ ምን መሆን እንዳለበት ገና ማንም አልወሰነም ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ዝግጅት የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ያ ምሽት ነው።

መልክ የያዘው ግን በዓመቱ ቺካጎ ላይ ነው። ሲርስ ሮባክ ለገበሬው ማረሻውንም ጫማውንም ጊታሩንም በፖስታ የሚሸጥ ግዙፍ ንግድ ቤት ነበር። በሚያዝያ 1924 የራሱን ሬዲዮ ጣቢያ ከፈተና ደብሊው ኤል ኤስ አለው፤ ፊደላቱ በእንግሊዝኛ «የዓለም ትልቁ መደብር» የሚለው ስያሜ መነሻዎች ናቸው። ጣቢያው ሥራ በጀመረ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ኋላ «ናሽናል ባርን ዳንስ» የተባለው ዝግጅት ተሰማ። ለገበሬ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የገበሬን ዘፈን ቢያሰማ የሚገርም አልነበረም። በ1928 ሲርስ ጣቢያውን «ፕሬሪ ፋርመር» ለተባለ የገበሬዎች ጋዜጣ ሸጠው። ከ1932 ጀምሮም ዝግጅቱ ኤይትዝ ስትሪት ወደሚባል ቲያትር ቤት ገባ። ተመልካቹ ትኬት እየቆረጠ ይገባል፤ መድረኩ ላይ የድርቆሽ ክምር፣ የላም ደወል፣ ባለ ቼክ ጥለት ቀሚስ የለበሱ ሴቶች አሉ። ቺካጎ ያሉ የፋብሪካ ሠራተኞች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ነበሩ። የተዉትን አገር ለማየት ትኬት ገዝተው ይሰለፉ ነበር ማለት ነው። በ1933 አልካ ሴልትዘር የተባለው የሆድ መድኃኒት አምራች ስፖንሰር ሆኖ ዝግጅቱን በኤን ቢ ሲ መረብ ለመላው አገር አደረሰው። ሉሉ ቤል የተባለችው የዝግጅቱ ዘፋኝና ቀልደኛ በ1936 በአድማጭ ድምፅ የሬዲዮ ንግሥት ተብላ ተመረጠች፤ ያሸነፈቻቸው የሆሊዉድንና የኒውዮርክን ኮከቦች ነው።

የዚያ የቺካጎ ዝግጅት የመጀመሪያ አስተዋዋቂዎች አንዱ ጆርጅ ሄይ ይባላል። ሜምፊስ ውስጥ ጋዜጠኛ ነበር፤ የፍርድ ቤት ወሬ ይጽፍ ስለነበር «ዳኛው» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ራሱ እንደተናገረው፣ ለዘገባ ወደ አርካንሳስ ተራሮች ሄዶ ሳለ በአንድ የእንጨት ጎጆ ውስጥ የገጠር ጭፈራ ላይ አመሸ፤ ያ ምሽት ከልቡ አልወጣም። ማይክሮፎን ፊት ሲቆም ከእንጨት የተሠራ የእንፋሎት መርከብ ፉጨት ይነፋ ነበር። በ1924 አንድ የሬዲዮ መጽሔት ባካሄደው የአንባቢ ምርጫ የአገሪቱ ተወዳጅ አስተዋዋቂ ተባለ።

በጥቅምት 1925 ናሽቪል ውስጥ ናሽናል ላይፍ የተባለ የመድን ኩባንያ ደብሊው ኤስ ኤም የሚል ጣቢያ ከፈተ። እዚህም ፊደላቱ መፈክር ናቸው፤ «ሚሊዮኖችን እንጋርዳለን» እንደማለት። ኩባንያው ሄይን ቀጠረው። ኅዳር 28 ቀን ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሄይ አንክል ጂሚ ቶምፕሰን የሚባሉ የ77 ዓመት ሽማግሌ ማይክሮፎን ፊት አስቀመጠ። የወንድማቸው ልጅ ፒያኖ እያጀበቻቸው አንድ ሰዓት ሙሉ ቫዮሊን መቱ። እንደሚተረከው፣ ደክሟቸው እንደሆነ ሲጠየቁ ገና መሟሟቃቸው እንደሆነ ተናገሩ። ደብዳቤና ቴሌግራም ወደ ጣቢያው ጎረፈ፤ የየሳምንቱ ዝግጅትም በዚያው ቀጠለ።

ናሽቪል ራሷ ግን በዚህ ደስ አላላትም። ከተማዋ በኮሌጆቿና በግሪክ አምሳል በሠራችው ፓርተኖን «የደቡብ አቴና» መባልን ትወድ ነበር። የኩባንያው ሹማምንት የሚኖሩባቸው ሰፈሮች የገበሬ ቫዮሊን በከተማቸው ስም ሲሰማ አፈሩ። ኩባንያው ግን የሚቆጥረው የሚመጣለትን ደብዳቤና የሚሸጠውን ውል ነበር።

ስሙ የወጣበትን ምሽት ዘለግ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለና። ጊዜው የ1927 መጨረሻ ነው። ከባርን ዳንሱ በፊት ከኒውዮርክ የሚተላለፍ የክላሲካል ሙዚቃ ሰዓት አለ፤ መሪው ዋልተር ዳምሮሽ ናቸው። ያን ቀን ዳምሮሽ በክላሲካል ሙዚቃ ውስጥ ያለን ነገር እንዳለ ለመቅዳት ቦታ የለም ብለው ካስረዱ በኋላ፣ ይህን ሕግ አፍርሰው አንድ ወጣት ያቀናበረውን የባቡር ጉዞ የሚያሳይ ሥራ አሰሙ። ስርጭቱ ወደ ናሽቪል ሲዞር ሄይ ማይክሮፎኑን ያዘ። ከአሁን ወዲያ ለሦስት ሰዓት የምትሰሙት እውነተኛውን ነገር ብቻ ነው የሚል ይዘት ያለው መግቢያ አደረገና ዲፎርድ ቤይሊን ጠራ።

ቤይሊ ጥቁር ነው። ቁመቱ አጭር፣ ጀርባው ትንሽ የጎበጠ፤ በሦስት ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ ውሎ ነበር። አልጋው ላይ ሆኖ በሃርሞኒካ የባቡሩን ድምፅ፣ የአዳኝ ውሾችን ጩኸት፣ የዶሮዎቹን ግርግር መቅዳት ተማረ። ያን ምሽት የተጫወተው በፓን አሜሪካን ባቡር ስም የሚጠራውን የራሱን ዜማ ነው። ባቡሩ ከሩቅ ይመጣል፤ ጎማው የሐዲዱን መገጣጠሚያ ሲረግጥ ይሰማል፤ ይፈጥናል፤ ድልድይ ላይ ሲወጣ ድምፁ ይለወጣል፤ ያፏጫል፤ ይርቃል። ይህ ሁሉ በመዳፍ ከምትሸፈን አንዲት ሃርሞኒካና ከአንድ ሰው ትንፋሽ የሚወጣ ነው። ሲጨርስ ሄይ ከኒውዮርክ ስትሰሙ የነበራችሁት ግራንድ ኦፔራ ነበር፤ ይህ ደግሞ «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» ነው አለ። «ኦል ኦፕሪ» የገጠር ሰው «አሮጌው ኦፔራ» ለማለት ሲሞክር የሚወጣው ቃል ነው። ስሙ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1928፣ ዝግጅቱ ላይ ከማንም በላይ ብዙ ጊዜ የተጫወተው ቤይሊ ነበር።

ሄይ መልክ መፍጠር ያውቅበታል። በኮትና በከረባት ወደ ስቱዲዮ ይመጡ የነበሩትን ሙዚቀኞች ቱታና ገለባ ባርኔጣ አስለበሳቸው። ከሙዚቀኞቹ አንዱ፣ ዶክተር ሃምፍሪ ቤት የሚባሉት፣ የተማሩ ሐኪም ነበሩ፤ የሳቸውን ቡድን በአንድ የዱር አውሬ አዳኞች ስም ጠራው። አድማጩ እውነተኛ የሚለውን ነገር በከፊል የሠራው አንድ ከተሜ ጋዜጠኛ ነው። ይህ ግን ሙዚቃውን ሐሰት አያደርገውም፤ ሐኪሙ ቱታውን የለበሱት ለፎቶ ቢሆንም ዜማዎቹን የተማሩት ግን ከጎረቤቶቻቸው ነው። የማይገባኝና ይቅር የማልለው ሌላው ነገር ነው፤ በዚያው መድረክ ላይ ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት እየቀቡ ጥቁርን ሲያላግጡ ለዓመታት ይጨበጨብላቸው ነበር።

ዝግጅቱን ከአንድ ከተማ ወሬ ወደ ግማሽ አሜሪካ ልማድ የቀየረው ማሰራጫው ነው። ደብሊው ኤስ ኤም በ1,000 ዋት ጀምሮ በ1932 50,000 ዋት ደረሰ። ናሽቪል አጠገብ ብሬንትዉድ በምትባል ቦታ 878 ጫማ ከፍታ ያለው፣ ወገቡ ሰፍቶ ጫፎቹ የሾሉ የብረት ማማ ተተከለ። መንግሥት ጥቂት ጣቢያዎች ማታ ማታ ማንም የማይጋራቸው የግል ሞገድ እንዲኖራቸው ፈቅዶ ነበር፤ የደብሊው ኤስ ኤም 650 ኪሎ ኸርዝ አንዱ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የመካከለኛ ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ በከፍተኛው የአየር ክፍል ላይ እየነጠረ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይወርዳል። ስለዚህ የናሽቪል ቫዮሊን ከፍሎሪዳ እስከ ካናዳ ድንበር ይሰማ ነበር። ከ1933 ጀምሮ ጣቢያው በማማው አጠገብ ባለው ሐዲድ ዳር ማይክሮፎን ተክሎ የእውነተኛውን የፓን አሜሪካን ባቡር ፉጨት ማታ ማታ ያስተላልፍ ነበር፤ ቤይሊ በሃርሞኒካው የሚያመጣው ባቡር ራሱ በአየር ላይ ወጣ ማለት ነው።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሥር የአሜሪካ ገበሬ ቤቶች ኤሌክትሪክ የነበረው አንዱ ብቻ ገደማ ነው። ሬዲዮው በባትሪ ይሠራል፤ ባትሪ ደግሞ ውድ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ለዜናና ለእህል ዋጋ ጥቂት ጥቂት እየተከፈተ ለቅዳሜ ማታ ይቆጠባል። ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ልጆች ወለል ላይ ይተኛሉ። ይህን ሳነብ የኛ አገር የድሮ የሬዲዮ ምሽቶች ትዝ አሉኝ፤ አንድ ሬዲዮ ያለው ቤት የሰፈር ሁሉ ቤት የነበረበት ዘመን።

ሰው በጆሮው የሰማውን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ናሽቪል የሚመጣው ተመልካች እየበዛ ሄደ፤ ስቱዲዮው ጠበበ፤ ዝግጅቱም ከአዳራሽ አዳራሽ ተዘዋወረ። በ1939 የሕዝቡን ብዛት ለመቀነስ ተብሎ የ25 ሳንቲም መግቢያ ተጣለ፤ ሕዝቡ ግን ይከፍላል እንጂ አይቀርም ነበር። በ1943 ራይማን አዳራሽ ገባ። ራይማን በ1892 የተሠራ የወንጌል መሰብሰቢያ ነው፤ ያሠሩት በስብከት የተለወጡ የወንዝ መርከብ ባለቤት ነበሩ። መቀመጫዎቹ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ናቸው። በበጋ ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ሰዉ በወረቀት ማራገቢያ እያራገበ ያመሻል። ለዘፋኞች የሚበቃ መልበሻ ክፍል አልነበረም፤ ተራቸውን የሚጠብቁት ከኋላ ካለው ጠባብ መተላለፊያ ማዶ ነው። መድረኩ ላይ ደግሞ አንዱ ሲዘፍን የሌላው ሚስትና ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ያወራሉ፤ አስተዋዋቂው የዱቄት ማስታወቂያ ያነባል፤ የሚቀጥለው ቡድን ጊታሩን ይቃኛል። ለሰለጠነ የቲያትር ሰው ውጥንቅጥ ነው፤ ለመጣው ተመልካች ግን የዘመድ ቤት ድግስ ነበር።

ሚኒ ፐርል በ1940 የገባችው ወደዚህ ድግስ ነው። ባርኔጣዋ ላይ 1 ዶላር ከ98 ሳንቲም የሚል የዋጋ ወረቀት ተንጠልጥሎ የረሳችው እየመሰለች ትወጣለች። በእውነቱ ሣራ ኮሊ የምትባል ኮሌጅ የተማረች፣ ከደህና ቤተሰብ የመጣች ሴት ናት። ቀልዷ ግን ማንንም አይወጋም፤ ሕዝቡ የሚስቀው በራሱ ዘመዶች ላይ ነው። ዘፋኞቹ ሮይ አከፍ በ1938፣ ቢል ሞንሮ በ1939 ገቡ። ልዑል አልበርት በሚባል የትምባሆ ስም የሚቀርብ ግማሽ ሰዓት በ1939 በኤን ቢ ሲ መረብ መተላለፍ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የኦፕሪ አባል መሆን የሙያ ማዕረግ ሆነ። ክፍያው ግን ትንሽ ነበር። ዘፋኙ የሚኖረው በሳምንቱ ውስጥ በየከተማው እየዞረ በሚያገኘው ገንዘብ ሲሆን፣ «የግራንድ ኦል ኦፕሪ» የሚለውን ስም ማስታወቂያው ላይ ለማድረግ ቅዳሜ ማታ ናሽቪል መመለስ ነበረበት። ሕጉ በዓመት 26 ቅዳሜ ይል ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ቦታ ቢዘፍን ከሁሉ የሚበልጠውን ገቢ የሚያገኝበት ቀን ነበር። በ1964 ይህን ያላሟሉ አሥራ ሁለት አባላት ተሰናበቱ፤ ኪቲ ዌልስን የመሰለች ስመ ጥር ዘፋኝም ነበረችበት።

ቤይሊ ግን እስከዚያ አልቆየም። በ1941 ሬዲዮ ጣቢያዎች የዜማ መብት ክፍያ ከሚሰበስበው ማኅበር ጋር ተጣሉና የማኅበሩን ዜማዎች ማሰማት አቆሙ። የቤይሊ የታወቁ ሥራዎች በዚያ ማኅበር የተመዘገቡ ነበሩ። እሱም ከዝግጅቱ ተባረረ። ከዓመታት በኋላ ሄይ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ቤይሊ አዲስ ዜማ ለመማር ሰነፈ የሚል ጻፈ። የዝግጅቱ ስም እንዲወጣ ያደረገውን፣ በጉዞ ላይ ሆቴል ሲከለከል እየታገሠ ከነጮቹ ጋር አገር ያዳረሰውን ሰው ነው ሰነፍ ያለው። ቤይሊ ናሽቪል ውስጥ በከፈተው የሊስትሮ ቤት ጫማ እየጠረገ ኖረ። ኦፕሪ መድረክ ላይ የተመለሰው ከስንት ዓመት በኋላ በጥቂት አጋጣሚዎች ብቻ ነው፤ አንዱ በታኅሣሥ 1974፣ 75ኛ ልደቱን ሲያከብር ነበር። በ1982 አረፈ። የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ስሙን ያስገባው በ2005 ነው።

ኦፕሪ ብቻውን አልነበረም። በ1933 ዌስት ቨርጂኒያ ዊሊንግ ከተማ ያለው ጣቢያ የራሱን «ጃምቦሪ» ጀመረ። ጆን ሌር የሚባል የቺካጎው ዝግጅት ባልደረባ በ1939 የራሱን ዝግጅት ወደ ተወለደበት የኬንታኪ ሸለቆ፣ ወደ ሬንፍሮ ቫሊ፣ ወስዶ እውነተኛ የእንጨት ባርን ውስጥ አስገባው። ሽሬቭፖርት፣ ሉዊዚያና ውስጥ ደግሞ በሚያዝያ 1948 «ሉዊዚያና ሄይራይድ» ተከፈተ። ናሽቪል ያልደፈረችውን የሚሞክረው እሱ ነበር። ሃንክ ዊሊያምስ ከሄይራይድ ተነሥቶ በሰኔ 1949 ኦፕሪ ገባ፤ በ1952 በመጠጥና ባለመገኘት ተባረረና ወደ ሽሬቭፖርት ተመለሰ፤ በ1953 የመጀመሪያ ቀን በ29 ዓመቱ ሞተ። ኤልቪስ ፕሪስሊ በጥቅምት 1954 ኦፕሪ ላይ አንድ ጊዜ ዘፍኖ ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው፤ በሁለት ሳምንቱ ሄይራይድ ላይ ወጣ፣ እዚያም ውል ሰጡት። በ1956 መጨረሻ ሲሰናበት የሚጮኸውን ወጣት ለማረጋጋት የመድረኩ መሪ ኤልቪስ ሕንፃውን ለቋል ብሎ የተናገረው በዚያው ሽሬቭፖርት ነው።

ጂም ሪቭስም የወጣው ከዚሁ ዝግጅት ነው። ዘፋኝ ሆኖ ከመታወቁ በፊት የሽሬቭፖርቱ ጣቢያ አስተዋዋቂ ነበር፤ በ1955 ኦፕሪ ገባ፤ በ1964 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ያ ለጆሮ የሚያንሾካሹክ የሚመስል ድምፅ በአዲስ አበባ ስንት ቤት በካሴት እንደተሰማ የአንድ ዘመን ሰው ይመሰክራል። ዶሊ ፓርተን በ13 ዓመቷ ኦፕሪ ላይ ቆማለች፤ ዶን ዊሊያምስ በ1976 አባል ሆኗል። እንግሊዝኛውን ሳንከተል የወደድናቸው እነዚህ ድምፆች ማይክሮፎን ፊት ቀስ ብሎ ማውራትን የተማሩበት ልማድ የተወለደው ቅዳሜ ማታ፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ በምትሰጥ ተራ፣ በዱቄትና በትምባሆ ማስታወቂያ መካከል ነው። ግጥማቸው ለምን ያን ያህል ግልጽ፣ ዜማቸው ለምን ያን ያህል ቶሎ የሚያዝ እንደሆነ ሲጠየቅ እኔ የምጠቅሰው ይህንን ነው፤ የተዘፈነው ከጓሮ ሆኖ በተንጫጫ ሬዲዮ ለሚሰማ ሰው ነው።

ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲያ ነገሩ ተለወጠ። ቴሌቪዥን ቅዳሜ ማታን ወሰደ። ሬዲዮ ጣቢያዎች ሙዚቀኛ መቅጠር ትተው ሸክላ ማሽከርከር ጀመሩ፤ አንድ ሰው ሸክላ ይዞ የሚሠራው ሥራ ሃያ ሙዚቀኛ ከነአዳራሹ ከሚጠይቀው ወጪ ጋር አይወዳደርም። ወጣቱ ሮክ ኤንድ ሮል ተከተለ። በ1960 የቺካጎው ጣቢያ ባለቤት ሲቀየር «ናሽናል ባርን ዳንስ» ተቋረጠ፤ በሌላ ጣቢያ ጥቂት ዓመታት ቢቆይም ያው አላገገመም። የሄይራይድ ሳምንታዊ ዝግጅትም በዚያው ዓመት አበቃ። ኦፕሪ የተረፈው የመድን ኩባንያው ስላልለቀቀውና ናሽቪል በዚያው መሀል የሸክላ ቀረጻ ከተማ ስለሆነች ይመስለኛል። አብዛኛው የሚቀረጸው ናሽቪል ነበር፤ ብዙው ዘፋኝም እዚያው ይኖር ነበር።

በመጋቢት 1974 ኦፕሪ ራይማንን ለቆ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ አዲስ አዳራሽ ገባ። በምረቃው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ተገኝተው ፒያኖ ተጫወቱ። ከራይማን መድረክ እንጨት ተቆርጦ ስድስት ጫማ ስፋት ያለው ክብ ተሠራና በአዲሱ መድረክ ፊት ተገጠመ፤ ዘፋኞች እስከ ዛሬ የሚቆሙት እሱ ላይ ነው። በ2010 ወንዙ ሞልቶ አዳራሹን ሲያጥለቀልቅ ክቡም ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ተጠግኖ ተመለሰ። ባዶ የቀረው ራይማን ለማፍረስ ሁሉ ታስቦ ከተረፈ በኋላ በ1994 ታድሶ ተከፈተ።

ኦፕሪ በ2025 መቶ ዓመቱን ሞላ። የመድን ኩባንያው ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በሌሎች እጅ ገብቷል፤ ወኪል ይዞ በር የሚያንኳኳም የለም። ብሬንትዉድ ያለው ወገበ ሰፊ ማማ ግን ጫፉ ትንሽ አጥሮ አሁንም አውራ ጎዳናው አጠገብ ቆሟል። ቅዳሜ ሲመሽ ቫዮሊኑ በዚያው ማማ፣ በዚያው 650 ኪሎ ኸርዝ ይወጣል።